ኳንተም ዶት ከምን ይሠራል? የቴሌቪዥኑ ቀለምና የካድሚየሙ ጥያቄ

ዛሬ ቴሌቪዥን ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው «ኪውኤልኢዲ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የታተመበት ካርቶን ሳያይ አይወጣም። ከሻጩ የሚያገኘው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ «ቀለሙ ይበልጣል» ከማለት አያልፍም፤ አባባሉም ስሕተት አይደለም። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚያመለክተው «ኳንተም ዶት» የሚባሉትን፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚያንሱ ብርሃን ሰጪ የሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ) ክሪስታሎች ነው። እነዚህ ክሪስታሎች ከምን እንደተሠሩ፣ እንዴት እንደተሠሩ፣ በዚያ ስክሪን ውስጥስ በእርግጥ መኖር አለመኖራቸውን ግን ካርቶኑ አይናገርም። ካርቶኑ የሚዘለው ይህ ጉዳይ ባለፉት ዓመታት የአውሮፓን ሕግ አውጪዎችና የእስያን አምራቾች ሲያነታርክ፣ ኬሚስቶችን ደግሞ እንቅልፍ ሲነሣ ቆይቷል። እኔ እንደማየው ችግሩ የፊዚክስ አይደለም፤ የቀለሙ ሕግ ከታወቀ 40 ዓመት አልፎታል። ያልተቋጨው ያንን ሕግ በፍላስክ (በላቦራቶሪ ብርጭቆ) ውስጥ፣ በብዛት፣ በተመጣጣኝ ዋጋና ያለ መርዝ ማስፈጸሙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉን ለመረዳት መሲንቆ ይበቃል። መሲንቆ ያለው ክር አንድ ብቻ ነው፤ አዝማሪው ጣቱን ወደ ታች ባወረደ ቁጥር የሚርገበገበው የክሩ ክፍል ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ክሩ ያው የፈረስ ጭራ ነው፤ የተለወጠው ርዝመቱ ብቻ ነው። በሴሚኮንዳክተር ክሪስታል ውስጥ ያለ ኤሌክትሮንም የሞገድ ጠባይ ስላለው፣ የሚኖርበት ክሪስታል ከጥቂት ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በታች ሲያንስ እንደ አጠረው ክር ይሆናል፤ ማለትም ጉልበቱ ከፍ ይላል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ወደ ላይኛው የጉልበት ደረጃ ይዘልና በነበረበት ቦታ «ቀዳዳ» ይተዋል፤ ወደ ቀዳዳው ሲመለስ ደግሞ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለውን ልዩነት በብርሃን መልክ ይለቀዋል። ልዩነቱ ሲሰፋ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ሲጠብብ ወደ ቀይ ያደላል። ካድሚየም ሴሌናይድ የተባለው ውሁድ በ6 ናኖሜትር ገደማ ቀይ፣ በ3 ናኖሜትር ገደማ አረንጓዴ፣ ወደ 2 ናኖሜትር ሲወርድ ሰማያዊ ያበራል። በሌሎች ማቅለሚያዎች ዘንድ ቀለም ለመቀየር ውሁዱን መቀየር ግድ ነው፤ እዚህ ግን መጠኑን መቀየር ይበቃል። አንድ ባለ 3 ናኖሜትር ክሪስታል የሚይዘው አቶም 500 ገደማ በመሆኑ፣ ጥቂት የአቶም ረድፍ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ቀለሙ መሸሹ አይቀርም። የአሠራሩ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ነጥብ ነው።

የ2023ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ሦስት ሰዎች ታሪክም ሲጠቃለል መጠንን የመቆጣጠር ታሪክ ነው። አሌክሲ ኤኪሞቭ በ1970ዎቹ መጨረሻ በሌኒንግራድ፣ በቫቪሎቭ የኦፕቲክስ ተቋም ሲሠራ፣ መዳብ ክሎራይድ የተጨመረበትን መስታወት ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 96 ሰዓት ድረስ እያቆየ አጋለ። በመስታወቱ ውስጥ ከ2 እስከ 30 ናኖሜትር የሚደርሱ ክሪስታሎች ተፈጥረው ነበር፤ ትንንሾቹን የያዘው መስታወት የሚቀበለው ብርሃን ወደ ሰማያዊ አድልቶ ተገኘ። ግኝቱ በ1981 በሶቪየት መጽሔት ታተመ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በቤል ላቦራቶሪ የነበረው ሉዊስ ብሩስ ስለዚህ ሥራ የሚያውቀው ነገር ሳይኖር፣ በፀሐይ ብርሃን የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን ለማጥናት በፈሳሽ ውስጥ ያዘጋጃቸው የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶች ጠረጴዛ ላይ ሲያድሩ የብርሃን ጠባያቸው መለወጡን አስተዋለ። ትኩሶቹ ቅንጣቶች 4.5 ናኖሜትር ገደማ ሲሆኑ ያደሩት 12.5 ደርሰው ነበር፤ ውጤቱን በ1983 አሳተመ። ሁለቱም ሕጉን አዩት እንጂ አልገዙትም፤ የኤኪሞቭ ክሪስታሎች ከመስታወቱ አይወጡም፣ የብሩስም እርስ በርስ እኩል አይደሉም።

ሦስተኛው ሙንጊ ባዌንዲ ነው፤ የሃርቫርድ ተማሪ ሳለ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ከ100 20 አግኝቶ እንደወደቀ ከሽልማቱ በኋላ ራሱ የተናገረ ሰው። ከብሩስ ዘንድ ከተማረ በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዶ ከተማሪዎቹ ከክሪስቶፈር መሪና ከዴቪድ ኖሪስ ጋር በ1993 ያሳተመው ዘዴ እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ነው። ዘዴው በጥቂት ቃላት ሲነገር፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ቀዝቃዛ ጥሬ ዕቃ በአንድ ጊዜ መርጨት ነው።

ነገሩ ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ሦስት አፍ ያለው ክብ ብርጭቆ ማሞቂያ ላይ ይቀመጣል፤ በአንዱ አፍ የሙቀት መለኪያ፣ በሌላው አየር የሚያስወጣና የአርጎን ጋዝ የሚያስገባ ቱቦ ይገባል፣ ሦስተኛው በላስቲክ ክዳን ይዘጋል። ውስጡ ቡናማ የካድሚየም ኦክሳይድ ዱቄት፣ የወይራ ዘይት በብዛት የሚይዘው ኦሌይክ አሲድ፣ እንዲሁም በከፍተኛ ሙቀት የማይፈላ ዘይት አለ። ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ቡናማው ዱቄት ይሟሟና ፈሳሹ እንደ ውኃ ይጠራል። በዚህ ጊዜ በሲሪንጅ የተዘጋጀው የሴሊኒየም ፈሳሽ በላስቲኩ በኩል ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨመራል። ጥርት ያለው ፈሳሽ ወዲያው ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ቀይ። በየጥቂት ሰከንዱ ጥቂት ጠብታ ተቀድቶ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ቢጨመር እድገቱ እዚያው ይቆማል፤ ብልቃጦቹ በተራ ተደርድረው አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራባቸው ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ያለው ቀለም በቅደም ተከተል ይታያል፤ ሁሉም ከአንድ ብርጭቆ የወጡ፣ የሚለያዩት በእድሜያቸው ብቻ የሆኑ።

መርጨቱ ለምን ፈጣን መሆን እንዳለበት ቅቤ አንጥሮ የሚያውቅ ሰው ለመገመት አይቸገርም። ንጥር ቅቤ በሞቃት ቤት ቀስ ብሎ ሲረጋ ፍሬ ፍሬ ይሆናል፤ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን ይለሰልሳል። ቀስ ሲል ጥቂት እንቡጦች ብቻ ይፈጠሩና ያለውን ሁሉ ተሻምተው ይገዝፋሉ፤ ሲፈጥን ብዙ እንቡጦች በአንድ ጊዜ ይፈጠሩና ሁሉም ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ። በፍላስኩም ጥሬ ዕቃው በድንገት ሲበዛ እንቡጦቹ በአንድ ቅጽበት ይፈለፈላሉ፤ ወዲያው ቀዝቃዛው ፈሳሽ ሙቀቱን በአሥር ቤት ዲግሪዎች ስለሚያወርደው አዲስ እንቡጥ መፈጠሩ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ብቻ ነው፤ ሁሉም አብረው ስለጀመሩ አብረው ያድጋሉ። የባዌንዲ ቡድን የመጠን ልዩነቱን ከ5 በመቶ በታች ማውረድ የቻለው በዚህ መንገድ፣ በመጨረሻም ክሪስታሎቹን በአልኮል እያዘቀጠ በመጠን በመለየት ነው። ኦሌይክ አሲዱና መሰሎቹ ደግሞ በእያንዳንዱ ክሪስታል ዙሪያ እንደ ጸጉር ተሰክተው እድገቱን ይመጥናሉ፣ እርስ በርስ እንዳይጣበቁም ይከላከላሉ።

የመጀመሪያው አዘገጃጀት ይጠቀምበት የነበረው ዲሜቲል ካድሚየም አየር ሲያገኝ የሚቀጣጠል አደገኛ ፈሳሽ ስለነበር፣ በ2001 በአርካንሳው ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዢያኦጋንግ ፔንግ በተራው ካድሚየም ኦክሳይድ መተካት እንደሚቻል ባያሳይ ኖሮ ሥራው ከጥቂት ላቦራቶሪዎች ባልወጣ ነበር። ከዚያ በፊት በ1996 ደግሞ ሌላ እርምጃ ተወስዷል። ቅርፊት የሌለው ባዶው ክሪስታል አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ከአቶሞቹ ብዙዎቹ ገጹ ላይ ስላሉና የተንጠለጠለ ትስስር ስላላቸው ኤሌክትሮኑ እዚያ ይጠመድና ብርሃን ሳይሰጥ በሙቀት መልክ ይባክናል። በቺካጎ የተሠራው መፍትሔ ክሪስታሉን በዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት መሸፈን ነበር፤ በዚህም ከተቀበለው ብርሃን መልሶ የሚሰጠው ድርሻ ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። ዛሬ በጥሩ ቅርፊት የተሸፈኑት ወደ 100 በመቶ ይጠጋሉ።

በላቦራቶሪ 50 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ በአንድ ሰከንድ የሚረጨው ነገር በ100 ሊትር ጋን ውስጥ በአንድ ሰከንድ አይረጭም፤ ቢረጭም እኩል አይደባለቅም፣ ሙቀቱም እኩል አይወርድም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሁሉንም ጥሬ ዕቃ በቀዝቃዛው ደባልቀው ቀስ በቀስ የሚያሞቁበትን ወይም ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ውስጥ እያሳለፉ የሚያሞቁበትን ዘዴ አዳበሩ። ብዙ ጥሩ የምርምር ውጤት የሚቀረው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። በ2013 ሶኒ ኳንተም ዶት ያለበት ቴሌቪዥን ገበያ ሲያወጣ ብርሃኑን የሚሰጠው ካድሚየም ሴሌናይድ ነበር። ካድሚየም ኩላሊትንና አጥንትን የሚጎዳ፣ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ፣ ሰውነት ውስጥ ከገባ ለአሠርት ዓመታት የማይወጣ ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አደገኛ ንጥረ ነገሮችን የሚገድበው መመሪያ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ከ0.01 በመቶ በላይ ካድሚየም እንዳይኖር ይከለክላል፤ ለስክሪን ግን ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። በ2015 የአውሮፓ ኮሚሽን ፈቃዱን ለማራዘም ያቀረበውን ሐሳብ ፓርላማው በከፍተኛ ድምፅ ጣለው፤ ምክንያቱ ካድሚየም የሌለባቸው ቴሌቪዥኖች በዚያው ጊዜ ገበያ ላይ መገኘታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስክሪን ከ0.2 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ተደርጎ ጠበበ፤ በመጨረሻም በ2024 በወጣው ውሳኔ የስክሪኑ ፈቃድ በኖቬምበር 2025 እንዲያበቃ ተወሰነ።

ቁጥሩን አስልቶ ማየት ይጠቅማል። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 834 ሺህ ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ፈቃዱ እስከ ጥግ ቢደርስ እንኳ በአንድ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ካድሚየም ከ0.17 ግራም አይበልጥም። በድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ውስጥ የነበረው ካድሚየም በግራም የሚቆጠር ነበር። የካድሚየም ወገን ተከራካሪዎች ይህን ቁጥር ይዘው፣ ካድሚየም ያለበት ስክሪን ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ከጭስ ማውጫው የሚለቀው ካድሚየም ከዚህ ይበልጣል ብለው ይሞግቱ ነበር። ክርክራቸው ውድቅ የሚደረግ አይደለም፤ የሚጎድለው ግን ቴሌቪዥኑ ከተጣለ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። 0.17 ግራሙ በሳሎን ውስጥ፣ በፕላስቲክ ፊልሞች መካከል ታሽጎ ማንንም አይጎዳም፤ ስክሪኑ ተሰብሮ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ግን ሌላ ነው። ደግሞም ሁለቱም ተፎካካሪ ብረቶች፣ ካድሚየምም በተተኪው ውሁድ ውስጥ ያለው ኢንዲየምም፣ በዋናነት የሚገኙት ከዚንክ ማጣሪያ ተረፈ ምርት ነው፤ ዓለም ዚንክ እስካመረተ ድረስ ካድሚየሙም አብሮ ይወጣል፣ ኳንተም ዶት ውስጥ ባይገባም የሆነ ቦታ መቀመጡ አይቀርም።

ተተኪው ኢንዲየም ፎስፋይድ ነው፤ ሳምሰንግ ከ2015 ጀምሮ በቴሌቪዥኖቹ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። ኢንዲየም ፎስፋይድ ግን በፍላስክ ውስጥ አስቸጋሪ ነው። አቶሞቹን የሚያያይዘው ትስስር ከካድሚየም ሴሌናይዱ የጠበቀ በመሆኑ በሥርዓት ለመደርደር ይከብዳል፤ የፎስፈረስ ጥሬ ዕቃው ደግሞ በጣም ፈጣን ስለሆነ እንቡጡ ሲፈለፈል ተሟጦ ያልቃል፣ ለተከታዩ እድገት የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ ክሪስታሎቹ እኩል አይወጡም። ይባስ ብሎ የዚህ ውሁድ ቀለም በመጠን ለውጥ ይበልጥ የሚናወጥ ነው፤ አረንጓዴ ለማውጣት እምብርቱ (በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ክሪስታል) ወደ 2 ናኖሜትር መውረድ አለበት፣ በዚያ ደረጃ ጥቂት አቶሞች ሙሉ ልዩነት ያመጣሉ። ውጤቱ በዓይን ይታወቃል፤ ብርሃኑ ሰፋ ያለ፣ ቀለሙም የጥራት ጉድለት ያለበት ይሆናል። የተለመደው የፎስፈረስ ጥሬ ዕቃ ዋጋው ውድ፣ አየር ሲያገኝም የሚቀጣጠል ነው፤ በ2015 የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሚኖፎስፊን፣ ማለትም በርካሽና ባልተቆጣ ውሁድ፣ ጥሩ ክሪስታል መሥራት እንደሚቻል በዝርዝር ያሳዩት ለዚህ ነው። ቅርፊቱም አይገጥምም፤ በኢንዲየም ፎስፋይድና በዚንክ ሰልፋይድ አቶሞች አደራደር መካከል ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ልዩነት ስላለ በመሐል ዚንክ ሴሌናይድ ይገባል፣ ጠባብ ጫማ ውስጥ ስስ ካልሲ እንደማድረግ።

እዚህ ላይ አንድ አሽሙር የሚመስል እውነት አለ። በ2019 የሳምሰንግ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ቀይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ክሪስታሉ ራሱ የሚያበራበት መሣሪያ) ካድሚየም የለበትም፣ የክሪስታሎቹ ብርሃን የመስጠት ብቃትም 100 በመቶ የደረሰ ነው። ወደዚያ ያደረሳቸው አንዱ ዘዴ በእምብርቱ ገጽ ላይ የሚፈጠረውን ኦክሳይድ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ማጠብ ነበር፤ ይህ አሲድ ቆዳን አልፎ አጥንት የሚያጠቃ፣ ላቦራቶሪዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚያደርጉለት ነው። ኢንዲየም ፎስፋይድ ራሱ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ምደባ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ከፍተኛ የጥርጣሬ ደረጃ ላይ ያለ ውሁድ ነው። እንዲህ ሲባል ክልከላው ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። በእኔ ግምት ያ ክልከላ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ገንዘብና ልፋት ለኢንዲየም ፎስፋይድ የሚያወጣ ኩባንያ ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን «ካድሚየም የለበትም» የሚለው ጽሑፍ «ጉዳት የለውም» ማለት እንዳይመስለን።

ሌላው አማራጭ በ2015 በዙሪክ የማክሲም ኮቫሌንኮ ቡድን ያስተዋወቀው የሲዚየምና የእርሳስ ፔሮቭስካይት (የተለየ የአቶም አደራደር ያለው) ክሪስታል ነው። ከ140 እስከ 200 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያድጋል፣ ያለ ቅርፊትም በደንብ ያበራል፣ ቀለሙም የጠራ ነው። ሁለት ነውሮች አሉበት፤ እርጥበት ያፈርሰዋል፣ ደግሞም እርሳስ ነው።

ብዙ ገዢዎች የማይጠረጥሩት ነገር ደግሞ ኪውኤልኢዲ በተባሉት ቴሌቪዥኖች ውስጥ ኳንተም ዶቶቹ ራሳቸው በኤሌክትሪክ የማይበሩ መሆናቸው ነው። ከኋላ ሰማያዊ መብራት አለ፤ ቀይና አረንጓዴ ክሪስታሎችን የያዘው ፊልም የመብራቱን ከፊል ብርሃን ተቀብሎ ወደ ቀይና አረንጓዴ ይለውጠዋል፣ ከፊቱ የተለመደው የኤልሲዲ ስክሪን አለ። ክሪስታሉ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚበራበት ስክሪን ሐሳቡ ከ1994 ጀምሮ በላቦራቶሪ ያለ ቢሆንም ሰማያዊው አልገፋ ብሎታል። ከላይ የጠቀስኩት ቀይ ዳዮድ በመጠነኛ ድምቀት፣ ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ 1,000,000 ሰዓት እንደሚቆይ ተገምቶ ሳለ፣ እነዚያው ተመራማሪዎች በ2020 ያሳተሙት ካድሚየም የሌለበት ሰማያዊ ግን በተመሳሳይ መለኪያ 15,850 ሰዓት ነው።

ፊልሙም ቢሆን ክርክር አላጣም። ከ2024 ጀምሮ በደቡብ ኮሪያ፣ የኳንተም ዶት ጥሬ ዕቃ የሚያቀርብ ወገን በገለልተኛ ላቦራቶሪ አስመርምሬያለሁ ብሎ፣ አንዳንድ የቻይና ቴሌቪዥኖች ካድሚየምም ኢንዲየምም አልተገኘባቸውም ሲል ከሰሰ፤ የተከሰሰው ወገን ደግሞ የራሱን የምርመራ ውጤት አቅርቦ ክሱን አስተባበለ። ይህ ሊሆን የቻለው ሕጉ የሚለካው በአንድ ወጥ ቁስ ውስጥ ያለውን የመቶኛ ድርሻ በመሆኑና «ኳንተም ዶት አለበት» ለማለት ስንት ሊኖር እንደሚገባ የሚደነግግ ወሰን ባለመኖሩ ነው። ያው የካድሚየም መጠን በስስ ፊልም ውስጥ ሲሆን ከገደቡ ያልፋል፣ በወፍራም የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ሲበተን ግን ከገደቡ በታች ይወርዳል፤ የቀነሰው ካድሚየሙ ሳይሆን ድርሻው ነው።

አነስተኛ የብርሃን መተንተኛ መሣሪያ ያለው ሰው ነጭ ምስል ስክሪኑ ላይ አሳይቶ የቀዩን ክፍል ቢያጠና ግማሹን መልስ ያገኛል። ከ610 እስከ 650 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነጠላ ነጠላ የሾሉ ጫፎች ከታዩ ቀዩን የሚሰጠው ማንጋኒዝ ያለበት የፍሎራይድ ዱቄት ነው፣ ኳንተም ዶት አይደለም፤ አንድ ጠባብና ለስላሳ ጉብታ ከታየ ክሪስታሎቹ ሊኖሩ ይችላሉ። የጉብታው ስፋት ከ30 ናኖሜትር በታች ከሆነ ካድሚየም ሊሆን ይችላል፤ ከ35 በላይ ከሆነ ወደ ኢንዲየም ፎስፋይድ ያመዝናል። የመጨረሻውን ለማወቅ ግን ስክሪኑን ፈትቶ፣ ፊልሙን ቆርጦና በአሲድ አሟሙቶ ብረቱን መለካት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ለቴሌቪዥኑ ገንዘብ የከፈለ ሰው በሳሎኑ አያደርገውም።